ሚንበሩና ጥቁር ሰሌዳው፦ የሙሐመዲያ ንቅናቄ ዳዕዋንና ትምህርትን ያጣመረበት መንገድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

የተከበራችሁ ዑለማኦች፣ ኡስታዞች፣ የመድረሳና የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች፣ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የዛሬው ርዕሳችን ዳዕዋ፣ ማለትም ሰውን ወደ ዲን መጥራት፣ እና ትምህርት በአንድ ድርጅት ጥላ ሥር እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ነው። "አብረው ይሂዱ" ማለቱ አይከብድም፤ በየምረቃው ይነገራል። የሚከብደው "ደመወዙን ማን ይከፍላል? ሰዓቱ ከየት ይመጣል? ቦታው በማን ስም ይመዝገብ?" የሚባልበት ጊዜ ሲደርስ ነው። ዳዕዋና ትምህርት የሚጋጠሙት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው፤ የሚለያዩትም እዚያው ነው። ስለዚህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ከምንነጋገር፣ ከመቶ ዓመት በላይ በተግባር የኖረበትን አንድ ንቅናቄ እንይ፤ የኢንዶኔዥያውን ሙሐመዲያ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሙስሊሙ ዓለም ያኔ የቆመበትን መስቀለኛ መንገድ እናስታውስ። ሕንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች በ1866 የዴኦባንድ መድረሳ ተከፈተ። ዓላማው የዲን ዕውቀት እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር፤ ደረጃ ያለው ትምህርትና ፈተና አስገባ፣ ወጪውንም ከተራው ሙስሊም በሚሰበሰብ መዋጮ ሸፈነ። በ1875 ደግሞ ሰር ሰይድ አሕመድ ኻን በአሊጋር እንግሊዝኛና ሳይንስ የሚሰጥበትን ተቋም መሠረቱ። አንዱ ዓሊም አወጣ፣ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛና የሕግ ባለሙያ አወጣ። ሁለቱም የሚያስመሰግን ሥራ ሠሩ፤ ነገር ግን የአንዱ ምሩቅ ከሌላው ምሩቅ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት ቋንቋ እየጠበበ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ መውላና ሙሐመድ ኢልያስ ከዴልሂ በስተደቡብ ባለው በሜዋት አገር ለገበሬ ልጆች መክተቦችን፣ ማለትም የሕፃናት የቁርኣን ትምህርት ቤቶችን፣ ሲከፍቱ አንድ ብርቱ ችግር ገጠማቸው። ገበሬው ልጁን ከእርሻ ሥራ ነጥሎ ለመላክ ይቸገራል፤ ተምሮ የተመለሰውም ልጅ ከጎረቤቱና ከቤቱ ልማድ ጋር ተመልሶ ይቀላቀላል። ስለዚህ አዋቂውን ራሱን ከቤቱ አውጥቶ በጉዞ ላይ ማስተማርን መረጡ፤ የተብሊግ ጀመዓ ከዚህ ተወለደ። መፍትሔያቸው ላይ ሐሳባችን ሊለያይ ይችላል። ያዩት ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ ቤቱ ያልተለወጠ ልጅ ትምህርቱ አይጸናለትም። ሙሐመዲያ ለዚሁ ችግር የሰጠው መልስ ሌላ ነበር፤ ወደ እርሱ እንመጣለን።

መሥራቹ አሕመድ ዳሕላን በ1868 በጃቫ ደሴት፣ በዮግያካርታ ከተማ፣ ከሱልጣኑ ታላቅ መስጂድ ጎን በምትገኘው በካውማን ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የመስጂዱ ኸጢብ ነበሩ፤ እርሳቸውም በኋላ ያንኑ ኃላፊነት ያዙ። መተዳደሪያቸው የባቲክ ጨርቅ ንግድ ነበር። ገና በ15 ዓመታቸው ለሐጅ ወደ መካ ሄደው ለዓመታት ተማሩ፤ በ1903 ተመልሰው ሄዱ። ከሸይኽ አሕመድ ኸጢብ አል-ሚናንግካባዊ ዘንድ ኪታብ ቀርተዋል። በግብፅ ይሠሩ የነበሩትን የተሐድሶ ዓሊሞች የሙሐመድ ዐብዱህንና የረሺድ ሪዷን ጽሑፎችም አንብበዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ተከሰተ፤ ለርዕሳችን ትልቅ ቁም ነገር ስላለው ቆም ብለን እንየው። በዮግያካርታ ብዙ መስጂዶች ቀጥታ ወደ ምዕራብ ዞረው ይሰገድባቸው ነበር። ትክክለኛው ቂብላ፣ ማለትም የመካ አቅጣጫ፣ ግን ከምዕራብ ወደ ሰሜን 24 እስከ 25 ዲግሪ ያህል ያጋድላል፤ ከጃቫ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ምዕራብ መስመር ቢሰመር የሚያርፈው አፍሪካ ላይ ነው። ዳሕላን ይህን በስሌት አውቀው ለማስተካከል ተነሱ። ነገሩ ጠብ አስነሳ፤ በስተመጨረሻም የራሳቸው ትንሽ መስጂድ በሃይማኖት ሹሙ ትእዛዝ ፈረሰ። ስሌቱ ትክክል ነበር፣ ማስረጃውም ጠንካራ ነበር። የጎደለው ያንን ስሌት የሚረዳ ጀመዓ ነበር። ካርታ አንብቦ የማያውቅ፣ ማዕዘን ለክቶ የማያውቅ ሰው "አባቶችህ የሰገዱበት አቅጣጫ ተሳስቷል" ሲባል የሚሰማው ስድብ ብቻ ነው። ሚንበሩ ሊሸከመው የማይችለውን ዕውቀት ሚንበር ላይ ብንጭነው ፍትና ይወልዳል። ጂኦግራፊና ሒሳብ ለዲን ትምህርት ባዕድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ጃቫ ውስጥ ዋናዎቹ የትምህርት መንገዶች ሁለት ነበሩ። በአንድ በኩል ፔሳንትሬን የሚባለው የደረሳ ማደሪያ አለ፤ ደረሳው በዓሊሙ ዙሪያ ተቀምጦ ኪታቡን ይቀራል፣ የክፍል ደረጃ የለም፣ የዓመት ማብቂያ የለም፣ ሒሳብም ሳይንስም የለም። በሌላ በኩል የሆላንድ ቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ ሁሉም አለ፣ ዲን ግን የለም። ዳሕላን ሁለቱንም ከሁለት አቅጣጫ ገቡበት። የመጀመሪያው፣ በመንግሥቱ የመምህራን ማሠልጠኛ ከመደበኛው ሰዓት ውጪ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ዲን ማስተማር ጀመሩ። ሁለተኛው፣ በ1911 በገዛ ቤታቸው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አስገብተው የቀለም ትምህርትም ዲንም የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። "ወንበር ላይ ተቀምጦ ዲን መማር የካፊሮችን መምሰል ነው" ተብለው ተወቀሱ። ዛሬ ይህ ወቀሳ እንግዳ ይመስለናል፤ ግን በየዘመኑ ለመሣሪያው የሚሰጠው ፍርድ ከዓላማው ጋር ሲደባለቅ እናያለን፤ የእኛም ዘመን ከዚህ ነጻ አይደለም።

የማሠልጠኛው ተማሪዎች አንድ ምክር ሰጧቸው፦ ይህ ትምህርት ቤት በእርስዎ ላይ ብቻ ከቆመ ከእርስዎ ጋር ይሞታል፤ ድርጅት ይመሥርቱለት። ባለቤቱ ዓሊም ሲሞት የተዘጉ የደረሳ ማደሪያዎች በጃቫ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ በኖቬምበር 18 ቀን 1912 ሙሐመዲያ ተመሠረተ። የሆላንድ መንግሥት በ1914 ዕውቅና ሲሰጠው ፈቃዱ ለዮግያካርታ ብቻ ነበር። በሌሎች ከተሞች ያሉ ወዳጆች ሥራቸውን በሌላ ስም ቀጠሉ፤ ለምሳሌ በፔካሎንጋን ኑሩል ኢስላም ተባሉ። ፈቃዱ ለመላው ግዛት የተፈቀደው ቆይቶ በ1921 ነው። ጉዳዩን ልብ በሉ፤ ትምህርት ቤቱ ቀደመ፣ ድርጅቱ ተከተለ። ማኅተም አስቀርጾ፣ ቢሮ ከፍቶ፣ ከዚያ ሥራ የሚፈልግ ማኅበር መንገዱን ገልብጦታል።

አሁን ወደ ማስተማሪያ ስልቱ እንግባ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ዳሕላን ሱረቱል ማዑንን ለደረሳዎቻቸው ደጋግመው ያስተምሩ ነበር። ሰባት አያ ያላት፣ 107ኛዋ ሱራ ናት፤ የቲምን ስለሚገፋ፣ ሚስኪንን ለማብላት ስለማያነሳሳ፣ በሶላቱ ዝንጉ ስለሆነና ለይዩልኝ ስለሚሠራ ሰው ትናገራለች። ደረሳዎቹ ሰለቻቸውና "ሸምድደናታል፣ ትርጉሟንም ይዘናል፤ ለምን ወደ ሌላ ሱራ አናልፍም?" ብለው ጠየቁ። እርሳቸውም "ሠርታችሁባታል ወይ?" አሏቸው። "በሶላታችን እንቀራታለን" ሲሉ፣ ወጥተው የቲሞችንና ሚስኪኖችን ፈልገው እንዲያጥቡ፣ እንዲያለብሱና እንዲመግቡ አዘዟቸው። ከሱረቱል ዐስርም ጋር እንዲሁ ለወራት ቆይተዋል፤ ሦስት አያ ብቻ ያላት ሱራ ናት።

ይህ ታሪክ ለማስለቀስ ብቻ ሲነገር ይባክናል። እንደ ትምህርት ዕቅድ ሆኖ ሲነበብ ግን ሙሉ አሠራር አለው። አያዋ አጭር ስለሆነች ሁሉም ይሸመድዳታል፤ ትርጉሙ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ ይሰጣል፤ ከትርጉሙ አንድ የሚሠራ ነገር ይወጣል፤ ሥራው ለማን፣ የት፣ መቼ እንደሚሠራ ይወሰናል፤ በሚቀጥለው ደርስ ማን ምን እንደሠራ ይጠየቃል፤ ካልተሠራ ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። የትምህርቱ መለኪያ የተሠራው ሥራ ነው ማለት ነው። ዳዕዋና ትምህርት በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ይሆናሉ፤ ዳዒው ልብን ያነሳሳበት አያ፣ መምህሩ ሥራ የሚሰጥበት አያ ሆነ።

ይህን በየሳምንቱ ሐለቃ፣ ማለትም የጥናት ክበብ፣ ለመሥራት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ሐለቃ ከ10 እስከ 15 ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ ሲበዛ መምህሩ እያንዳንዱን መጠየቅ አይችልም፣ መጠየቅ ከቀረ ስልቱ ራሱ ይቀራል። ስልሳ ደቂቃ ቢኖራችሁ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ያለፈውን ሳምንት ሥራ ለመስማት ስጡ፤ ሃያውን ለንባብና ለተፍሲር፣ የተረፈውን ለውይይትና የቀጣዩን ሥራ ለማከፋፈል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የሥራውን ሪፖርት መጨረሻ ላይ በማድረግ ነው። ተፍሲሩ ሰዓቱን ይበላና ሪፖርቱ "ለሳምንት" ይባላል፤ ሦስት ሳምንት ከቀረ ተማሪው ማንም እንደማይጠይቀው ያውቃል። ሌላው ስሕተት ሥራውን ማግነን ነው። "ድህነትን እንዋጋ" ሥራ አይደለም። "የዚህችን እናት ሁለት ልጆች የትምህርት ቤት መመዝገቢያ እስከ ሐሙስ እንጨርስ" ሥራ ነው። በተጨማሪም የሚረዳውን ሰው ክብር ጠብቁ፤ ፎቶ ማንሳትና ስም መለጠፍ በራሷ በማዑን ሱራ የተወገዘውን ይዩልኝ መልሶ ያስገባል።

ከዚያ ሱራ የተነሳው ሥራ ተቋም እየሆነ ሄደ። በ1919 የክሉድ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሙሐመዲያ የዕርዳታ ክፍል ለተጎጂዎች ደረሰ፤ በ1923 በዮግያካርታ የመጀመሪያው ክሊኒክ ተከፈተ፤ ዛሬ ንቅናቄው ከመቶ በላይ ሆስፒታሎች አሉት። ስለ ሆስፒታሎቹ ብዙ አልናገርም፤ ከርዕሳችን ያርቀናል። ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ክሊኒኩ ሲከፈት ሐኪምና ነርስ አስፈለገ፣ ሐኪም ለማግኘት ሳይንስ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስፈለገ። አያዋ ወደ ጤና ተቋም፣ የጤና ተቋሙ ወደ ኬሚስትሪ መማሪያ ክፍል መለሳቸው። የቀለም ትምህርት በመድረሳ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው እንዲህ ካለ ፍላጎት ሲወለድ ነው። መንግሥት ስላስገደደ ወይም ወላጅ ስለፈለገ ብቻ የገባ ሳይንስ ሁልጊዜ እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

ቤቱ ያልተለወጠ ልጅ ትምህርቱ አይጸናለትም ብለን ነበር። ሙሐመዲያ ለዚህ የሰጠው መልስ እናትየዋ ናት። የዳሕላን ባለቤት ሲቲ ዋሊዳ ከ1914 ጀምረው ሴቶችን ሰብስበው ቁርኣን ያስተምሩ ነበር። የባቲክ ሠራተኛ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ትምህርታቸው ከመግሪብ በኋላ ሆነ፤ ከቁርኣኑ ጋር ማንበብና መጻፍም ተማሩ። በ1917 ይህ ሥራ ዓኢሺያ የሚባል የሴቶች ድርጅት ሆነ። በ1919 የሕፃናት መዋያ ከፈቱ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ መዋያዎች በዚሁ ድርጅት ሥር አሉ። በ1922 ደግሞ በካውማን ለሴቶች የተለየ መስገጃ ተሠራ።

እዚህ ላይ ያለው ጥበብ ሰዓቱና ዕድሜው ነው። ሰዓቱን ከሠራተኛዋ ሴት ኑሮ ጋር አስማሙት፤ እርሷን ከሥራዋ አላስፈቷትም። ልጁን ደግሞ ከአራትና ከአምስት ዓመቱ ያዙት። ሕፃን ወደ መዋያ ሲመጣ እናቱ በቀን ሁለት ጊዜ ደጃፉ ላይ ትገኛለች። በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት አርባ አምስት ደቂቃ ለእናቶች ደርስ ቢመደብ ማንንም መጥራት፣ ማንንም ማመላለስ አያስፈልግም። ልጁ በዚያ ሳምንት የተማረው ዱዓና አደብ ለእናቲቱም ከተሰጠ ቤቱና ክፍሉ አንድ ነገር ይናገራሉ። በብዙ ቦታ የሴቶች ደርስ ከልጆች ትምህርት ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ርዕስ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ኡስታዝ ይሰጣል፤ ከዚያ "እናቶች አይመጡም" ይባላል። ይህ በእናቶች ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ ነው። ዳሕላን ከሞቱበት ከ1923 በፊት ካቆሟቸው ነገሮች አንዱ የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር፤ በኋላ ለወንዶች ሙዓሊሚን፣ ለሴቶች ሙዓሊማት የሚል ስም ይዞ እስከ ዛሬ በዮግያካርታ አለ። ምሩቃኑ ወደ ሱማትራ፣ ወደ ካሊማንታን፣ ወደ ሱላዌሲ ተልከው በቀን አስተማሪ፣ በማታ ዳዒ ሆኑ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ማካሳር ተልከው የነበሩት ታላቁ ዓሊምና ጸሐፊ ሐምካ በሱማትራ ወዳለችው ፓዳንግ ፓንጃንግ ሲመለሱ የዳዒዎች ማሠልጠኛ መርተዋል። ዳዒን በትምህርት ቤት ማሠልጠን፣ መምህርን ለዳዕዋ ማዘጋጀት፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ዳዒ ሰውን ማነሳሳት ያውቅበታል፣ ትዕግሥቱ ግን ለአንድ ዓመት የትምህርት ዕቅድ አይበቃም። መምህር ቀስ ብሎ ደረጃ በደረጃ መውጣት ያውቅበታል፣ ሕዝብ ፊት ሲቆም ግን ድምፁ ይሰበራል።

እዚህ ላይ በተግባር የሚበላሹትን ነገሮች በግልጽ ልናገር።

የመጀመሪያው ደመወዝ ነው። የሒሳብ መምህር ከዲን መምህር የበለጠ የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ስለ ዳዕዋ የሚያወራው ሁሉ ዋጋ የለውም። ተማሪው የደመወዝ መዝገብ ባያይም የማን ሰዓት እንደሚሰረዝ፣ የማን ክፍል እንደሚለወጥ፣ ርእሰ መምህሩ ማንን እንደሚያከብር በደንብ ያያል። "ኡስታዙ ለአላህ ብሎ ነው የሚሠራው" እያሉ ኢኽላሱን የደመወዝ ማነሻ ማድረግ ደግሞ በደል ነው። ከመሥራቹ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የሙሐመዲያ ምክር "ሙሐመዲያን ሕያው አድርጉ፣ በሙሐመዲያ ውስጥ ግን መተዳደሪያ አትፈልጉ" ይላል። ይህ ለመሪዎች የተነገረ ነው፤ መሥራቹ ራሳቸው የመምህራን ደመወዝ ሲጎድል የቤታቸውን ዕቃ ለጨረታ እንዳቀረቡ ይተረካል። መምህርን በነጻ ለማሠራት ሲጠቀስ ትርጉሙ ተገልብጧል።

ሁለተኛው የመልቀቂያ ፈተና ዓመት ነው። በስምንተኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል "ለፈተና እንዘጋጅ" ይባልና የዲን ሰዓት ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይሰጣል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የመጨረሻ ትዝታው "ነገሩ ሲጠብቅ ዲን ይቆያል" የሚል ይሆናል። መፍትሔው የዲኑን ሰዓት በቁጥር መቀነስ ካስፈለገ እንኳ ቋሚ ቦታውን አለመንካት ነው፤ የቀኑ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ከነበረ ሁለተኛ ሆኖ ይቆይ። የዙህር ሶላት በሰዓት ሰሌዳው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ለውዱእና ለሶላት ቢያንስ ሃያ አምስት ደቂቃ ይያዝለት፣ ከምሳ ዕረፍት ጋር አይደባለቅ። ቧንቧው ስድስት፣ ተማሪው ሁለት መቶ ከሆነ ሃያ አምስት ደቂቃም አይበቃም፤ በፈረቃ ማድረግ ወይም ቧንቧ መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ ትምህርት ቤት "ልጆቹ ሶላት ያዘገያሉ" እያለ የሚቀጣው የውኃ ችግሩን ነው።

ሦስተኛው ትምህርቱ ወረቀት ብቻ ሲሆን ነው። በሙሐመዲያ ትምህርት ቤቶች ኢስላም፣ የንቅናቄው ታሪክና ዐረብኛ በአንድ ላይ የሚሰጥበት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አለ፤ በዩኒቨርሲቲዎቻቸውም ለሁሉም ተማሪ ተመሳሳይ ኮርስ አለ። ይህ ትልቅ ኃይል ነው፤ አደጋም አለው። ትምህርቱ ምርጫ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ሲፈተን፣ የማዑንን ሱራ አያ ብዛት ያወቀ ተማሪ መቶ ያገኛል፣ የቲም ጎረቤቱን የማያውቅ ቢሆንም። ከውጤቱ ግማሹን ለተሠራ ሥራ መስጠት ይቻላል፤ ሥራውን የሚመሰክረው ግን ተማሪው ራሱ ሳይሆን ሥራው የተሠራለት ቤት ወይም የሰፈሩ ኢማም ይሁን።

አራተኛው የፊቅህ ክርክር ነው። አንዱ ኡስታዝ በክፍል ሀ በሶላት እጅ ማንሳትን ሲያስተምር፣ ሌላው በክፍል ለ ሲያወግዘው ልጆች መካከል ጠብ ይነሳል። ሙሐመዲያ ይህን አይቶ በ1927 በፔካሎንጋን ጉባኤው ተርጂሕ የሚባል የዑለማእ ጉባኤ አቋቋመ፤ በዓሊሙ በኪያሂ ማስ ማንሱር ሐሳብ አቅራቢነት። ሥራው ማስረጃዎችን መዝኖ ለድርጅቱ የጋራ ውሳኔ መስጠት ነው። ትምህርት ቤቱ የጋራውን ያስተምራል፤ ኡስታዙ የግል አቋሙ ሌላ ቢሆን በክፍል ውስጥ አያራምደውም፣ ሌላውንም አያጥላላም። የራሳችሁ የዑለማእ ጉባኤ ባይኖራችሁ እንኳ ሦስት የታመኑ ዓሊሞች በጽሑፍ ያጸደቁት ከአሥር ገጽ ያልበለጠ የመምህራን መመሪያ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ይዘጋጅ።

አምስተኛው ፖለቲካ ነው፤ አጭር ልሁን። ሙሐመዲያ በ1971 በኡጁንግ ፓንዳንግ ባደረገው ጉባኤ ከየትኛውም የፖለቲካ ፓርቲ ጋር ድርጅታዊ ትስስር እንደሌለው ወሰነ። አባሉ እንደ ዜጋ የፈለገውን ይመርጣል፣ ትምህርት ቤቱ ግን የማንም ቅስቀሳ ሜዳ አይሆንም። ትምህርት ቤት የሁሉም ወላጅ ልጅ የሚውልበት ቤት ነው።

ሌላም የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ሙስሊም ያልሆኑ ተማሪዎችስ? በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ በኩፓንግና በሶሮንግ ባሉት የሙሐመዲያ ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። በዚያው አካባቢ በአንዳንድ የንቅናቄው ትምህርት ቤቶች ክርስቲያን ተማሪዎች የራሳቸውን ሃይማኖት ከራሳቸው እምነት መምህር ይማራሉ። ዳዕዋ እዚያ የሚደረገው በአማናና በጥራት ነው፤ ወላጁ ልጁን አምኖ ሰጥቷል፣ ልጁ በእምነቱ ሳይጫኑት ተምሮ ይወጣል። ቁርኣን "በሃይማኖት ማስገደድ የለም" ሲል ትምህርት ቤትን ለይቶ አላወጣም። ትምህርት ቤት ውስጥ በእጃችን ያለን ተማሪ መስበክ ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ በማግስቱ ግን የመላው አካባቢ እምነት ይጠፋል።

አሁን ስለ ንብረትና አስተዳደር። የሙሐመዲያ መሬት፣ ሕንፃና ተሽከርካሪ የሚመዘገበው በድርጅቱ ስም ነው፤ በመሥራቹ፣ በርእሰ መምህሩ ወይም በለጋሹ ልጅ ስም አይመዘገብም። አንድ ሰው መሬቱን ለመድረሳ ወቅፍ፣ ማለትም ለአላህ ብሎ የማይመለስ ስጦታ፣ አድርጎ ወረቀቱን ሳያዞር ቢሞት ወራሾቹ ሕጋዊ መብት አላቸው፤ ትምህርት ቤቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ደጅ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወቅፍ በቃል አትቀበሉ። ለጋሹ በሕይወት ሳለ፣ ወራሾቹ ባሉበት፣ በምስክር ፊት ይጻፍ፤ ከዚያ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወደ ድርጅቱ ስም ይዛወር። የመጀመሪያው ድንጋይ የሚጣለው ይህ ካለቀ በኋላ ነው።

አመራራቸው በጋራ ነው። በየአምስት ዓመቱ የሚደረገው ጉባኤ 13 የማዕከል አመራሮችን ይመርጣል። ከታች ደግሞ የሰፈር ቅርንጫፍ ለማቋቋም ቢያንስ 15 አባላት ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው እርከን ቢያንስ ሦስት የሰፈር ቅርንጫፎች ሊኖሩት ይገባል። ቅርንጫፉ ዕውቅና የሚያገኘው በአባላት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቋሚ ደርስና የጀመዓ መሰብሰቢያ መስገጃ ሊኖረው ግድ ነው። ዳዕዋና ትምህርት በደንቡ ውስጥ የመቋቋሚያ ቅድመ ሁኔታ ተደርገዋል ማለት ነው። ይህ እጅግ የሚደነቅ ሐሳብ ነው። ሥራ የሌለው ቅርንጫፍ በወረቀት ላይ አይኖርም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ሙሐመዲያ በቅኝ አገዛዙ ዘመን ለትምህርት ቤቶቹ የመንግሥት ድጎማ ተቀብሏል፤ በ1922 እዚያው ዮግያካርታ የተመሠረተው ታማን ሲስዋ የተባለ የትምህርት ንቅናቄ ግን አሻፈረኝ ብሏል። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ድጎማ የተቀበለ ትምህርት ቤት ብዙ ልጅ ያስተምራል፣ ነገር ግን ለተቆጣጣሪ በሩን ይከፍታል፤ ድጎማው የተቀነሰ ቀንም ይንገዳገዳል። ለእኔ ሚዛናዊ የሚመስለኝ የመምህራን ደመወዝ ከማይቋረጥ የውስጥ ገቢ፣ ማለትም ከክፍያ፣ ከወርኃዊ መዋጮና ከወቅፍ ኪራይ እንዲወጣ፤ የውጭ ዕርዳታ ደግሞ ለሕንፃና ለመጻሕፍት ብቻ እንዲውል ማድረግ ነው። ዘካን ለሕንፃና ለአስተዳደር ማዋል የፊቅህ ጥያቄ ስላለበት ለየብቻ ሒሳብ ይያዝለት፤ የሚስኪን ተማሪን ክፍያ ለመሸፈን ግን መንገዱ የቀለለ ነው። የክፍያው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ጥራቱ ሲታወቅ ክፍያው ይጨምራል፣ ክፍያው ሲጨምር ከማዑን ሱራ የተወለደው ትምህርት ቤት ሚስኪን የማይገባበት ይሆናል። ይህ በራሱ በሙሐመዲያ ውስጥም በተደጋጋሚ የሚነሳ ወቀሳ ነው። ከመቀመጫው አንድ አምስተኛውን ለማይከፍሉ ልጆች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ "ቦታ ከተረፈ" ከተባለ አይተርፍም።

ለመጀመር ለሚያስቡ የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕንፃ አትፈልጉ፤ ሁለት ሐለቃ፣ አንድ ለወንዶች አንድ ለሴቶች፣ በማዑንና በዐስር ሱራ ላይ ብቻ ይሂዱ። ከእነርሱ መካከል ሥራቸውን ሳይቀሰቀሱ የሚሠሩ አራት አምስት ሰዎች ይወጣሉ፤ ኮሚቴው ከእነዚህ ይመረጥ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት የሰፈሩን ሕፃናት ቁጠሩ፤ ስንቱ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ስንቱ አይሄድም፣ በየትኛው ሰዓት ነጻ ነው። በሦስተኛው ሁለት መምህራን መልምላችሁ አሠልጥኑ፤ ከሕንፃው በፊት መምህሩ። በአራተኛው ከሃያ እስከ ሠላሳ ልጅ ባለው አንድ የሕፃናት ክፍል ጀምሩ፣ የእናቶቹንም ደርስ በዚያው ሳምንት። የጁሙዓው ኸጢብ በወር አንድ ኹጥባ ልጆቹ በዚያ ወር በሚማሩት ርዕስ ላይ እንዲያደርግ አስቀድማችሁ የትምህርት ዕቅዱን ስጡት። ዓመቱ ሲያልቅ የተመዘገበውን ልጅ ብቻ አትቁጠሩ፤ ስንት ቤት ውስጥ ሶላት በጀመዓ እንደተጀመረ፣ ስንት ያልተማረ ልጅ ትምህርት ቤት እንደገባ፣ ከሐለቃው ስንት ሰው ሳይቀር እንደቆየ ጽፋችሁ ለጀመዓው አቅርቡ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ እንዳለ ይነበብ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።